የመጨረሻዋ ሜትር

አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። የባሕር ነገር የሚወድ ሰው ሳያየው የቀረ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ጓዳሉፔ ደሴት አጠገብ የተቀረጸ ነው። አንድ ታላቅ ነጭ ሻርክ በገመድ የታሰረ የዓሣ ማባበያ ተከትሎ ይመጣል። አፉን ከፍቶ ይወረወራል፤ ከዚያ በኋላ ግን መቆም ያቅተዋል። ጠላቂ ውስጡ ቆሞ ሻርክ የሚያይበትን የብረት ፍርግርግ ጎን ጥሶ፣ ውስጡ ሰው እያለ፣ ይገባል። ጀልባው ላይ ያሉት የላይኛውን በር ይከፍቱለታል፤ ሻርኩ እየተወራጨና እየደማ በዚያ ይወጣል። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ውሃውን ያያል። ጥቂት ቆይቶ ጠላቂው ብቅ ይላል፤ ምንም አልሆነም።

ቪዲዮውን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጠላቂው መትረፍ ነው። የሰው ነፍስ ነውና ልክ ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ ሻርኩ ብረቱን ከመምታቱ በፊት ያለችው አንዲት ሰከንድ ናት። ደጋግሜ ያየሁት እሷን ነው። በዚያች ሰከንድ ማባበያው የት ነበር? ከፍርግርጉ ምን ያህል ይርቅ ነበር? ሻርኩ ወደ ሰውየው አልመጣም። ሻርኩ የመጣው ሰው ወደ መራው ቦታ ነው።

ከፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ነጭ ሻርክ ስለማየት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ጥርስና ስለ ፍርሃት ነው። ስለ ገመዱ የሚያነሣ ብዙ አላጋጠመኝም። “ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል፤ የሻርክ ቀን የሚያምረውም የሚበላሸውም ጀልባው ላይ የቆመ አንድ ሰው ገመድ በያዘበት አኳኋን ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ቀኑን ከመነሻው መያዝ አለብኝ። የምወስደው ነገሩ በደንብ የሚታወቅበትን የደቡብ አፍሪካውን ጋንስባይን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከኬፕታውን ሁለት ሰዓት

ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወገኖች ከማናችንም ይልቅ ለቦታው ትቀርባላችሁ። ጋንስባይ ከኬፕታውን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ያለ መንገድ ነው። ጀልባዎቹ የሚነሡት ከጎኗ ካለችው ክላይንባይ ከምትባል ትንሽ ወደብ ነው። ከባሕሩ ዳር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ሲባል ዳየር ደሴት አለች፤ የአፍሪካ ፔንግዊን የሚፈለፈልባት። አጠገቧ ያለው ጋይዘር ሮክ የሚባለው ዓለት ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ አቆስጣዎች፣ ባሕር ውስጥ እያደኑ ዓለት ላይ የሚያርፉ ጡት አጥቢ እንስሳት፣ ተጨናንቀው የሚኖሩበት ነው። አቆስጣ ለእኛ ባዕድ ቃል አይደለም፤ ኦሪት ዘጸአት ላይ ለማደሪያው ድንኳን መደረቢያ ቁርበቱ የታዘዘው እሱ ነው። እዚህ በሕይወቱ ስታገኘው ጩኸቱንም ሽታውንም ነፋሱ ቀድሞ ያደርስልሃል። በደሴቷና በዓለቱ መካከል ያለችው ጠባብ፣ ጥልቀት የሌላት መተላለፊያ “የሻርክ ጎዳና” ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ነጭ ሻርኮች አቆስጣ ፍለጋ ስለሚመላለሱባት ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1991 ነጭ ሻርክን በሕግ የጠበቀች የመጀመሪያዋ አገር ናት። ዛሬ ፍርግርግ ይዞ የሚወጣ ጀልባ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም ሻርኩን እንዳትመግቡ ከሚል ደንብ ጋር ነው የሚመጣው። ደንቡን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰው የሚመርጠው በጋውን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ነው። ያን ጊዜ ግን የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የላይኛውን የሞቀ ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋና ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ፀሐይዋ ቆዳህን እያቃጠለች ውሃው 12 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ጋብ ሲልና ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ጥቃቅን ዕፅዋት ይበዙበትና አረንጓዴ ሾርባ ይመስላል፤ ከ2 ሜትር በላይ የማታይበት ቀን አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የእነሱ ክረምት ማዕበል የሚበዛባቸው ቀናት መኖራቸው እውነት ነው፤ በማዕበሎቹ መካከል ፀጥ በሚልባቸው ቀናት ግን ውሃው ይጠራል። ሻርኮቹም ቅልብልብ የአቆስጣ ግልገሎች ፍለጋ ደሴቷን የሚዞሩት በዚያ ወራት ነው። እኔ ብጠየቅ ክረምቱን እላለሁ።

ፍርግርጉ ውስጥ

የሻርክ መመልከቻ ፍርግርግን ቀድመው ካሰቡት አንዱ ሻርክ የነከሰው ሰው ነው። ሮድኒ ፎክስ የተባለው አውስትራሊያዊ በ1963 ዓሣ በጦር የመውጋት ውድድር ላይ ሳለ ነጭ ሻርክ ደረቱንና ክንዱን ያዘው፤ ቁስሉ 462 ስፌት ፈጀ። ከዳነ በኋላ ግን ከባሕሩ አልሸሸም። የነከሰውን ፍጡር ቀርቦ ለማየት ፍርግርግ ሠርቶ ተመለሰ፤ ዕድሜውንም ያሳለፈው ስለ ነጭ ሻርክ ሰው በማስተማር ነው። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጋንስባይ ላይ “መጥለቅ” ቢባልም ማንም ወደ ጥልቁ አይወርድም፤ የአየር ጋንም የለም። ፍርግርጉ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። በተንሳፋፊዎች ተይዞ ከጀልባው ጎን በገመድ ይታሰራል። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ሲሆን የላይኛው ጫፉ ከውሃው በላይ ይቀራል። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ፣ አንገቱን ከውሃ በላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሻርክ ሲመጣ ሠራተኞቹ “ዳውን!” ብለው ይጮኻሉ፤ ቀጥለው ግራ፣ ቀኝ ወይም ፊት ይላሉ። አንተ ትንፋሽህን ይዘህ ራስህን ውሃ ውስጥ ትነክራለህ። ሻርኩ እስኪያልፍ ድረስ ያለው አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ትወጣለህ።

ቀላል ይመስላል። ግን የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው፤ ስህተቱም ሁልጊዜ ያው ነው። ጩኸቱን ሲሰማ መጀመሪያ ከውሃው በላይ ክንፍ ይፈልጋል። ክንፍ መፈለግ ከወሬ የተማርነው ነገር ነው። ሻርኩ የሚመጣው ከታች፣ ከጨለማው በኩል ነው። ጀርባው ጠቆር ያለ ስለሆነ እስኪቀርብ ከባሕሩ ወለል አይለይም። የጀልባውን ጎን ስታይ የቆየህ እንደሆነ ጅራቱን ብቻ ታገኛለህ። ስለዚህ ጩኸቱን እንደሰማህ ሳታስብ ውረድ፤ ፍለጋውን ከውሃው ሥር ሆነህ አድርገው። በመጠበቂያው ጊዜም በየመሃሉ እየወረድህ ታችና ኋላ ማየት ልመድ።

የጎማው ልብስ ወፍራሙ፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያለው ይሁን፤ ኮፍያና ጫማ ያለው። ጎማው ራሱ ያንሳፍፋል፤ እግርህ ወደ ላይ ተነሥቶ በብረቱ ክፍተት እንዳይወጣ ነው የእርሳስ ክብደት የሚያስታጥቁህ። ክብደቱ ከበደኝ ብለህ አታስቀንሰው። ፍርግርጉ ግርጌ እግር የሚሰካበት ብረት አለ፤ የሁለቱንም እግሮችህን ጣቶች ከሥሩ አድርግ። በእጅህ የምትይዘው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተበየደውን መያዣ ብቻ ነው። የውጩን ብረት የጨበጠ ሰው ጣቶቹን ወደ ውጭ ሰጥቷል ማለት ነው። የካሜራ እንጨት ከፍርግርጉ ማውጣትም እንደዚያው ነው። መነጽሩ ውሃ የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ የኮፍያው ጠርዝ ወይም ፀጉር ከጎማው ሥር ሲገባ ነው፤ ጺማም ሰው ከአፍንጫው በታች ትንሽ ቫዝሊን ይቀባ። ጉም እንዳይዝ በምራቅ አሽቶ ማለቅለቅ ይበቃል።

ከሻርኩ ይልቅ ቀኑን የሚያበላሸው ግን የባሕር ሕመም ነው። አብዛኞቻችን ማዕበል ሳናይ ያደግን ነን። ጀልባ ሲሄድ ያን ያህል አይረብሽም፤ መልህቅ ጥሎ ሲቆም ነው ከግራ ወደ ቀኝ የሚያንገላታው፣ በዚያ ላይ የዓሣው ሽታ አለ። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሣት አንድ ሰዓት ያህል በፊት ነው። ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ሆድ ውስጥ አይረጋምና አይጠቅምም። በባዶ ሆድ መሄድም ቅባት የበዛበት ቁርስም ጥሩ አይደሉም፤ ደረቅ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ከሞተሩ ጭስ ራቅ ብለህ የጀልባው መካከል ላይ ቁም፤ ዓይንህን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መሥመር ላይ ትከል። ስልክህን ግን አትመልከት።

ገመዱ

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልመለስ።

ሻርክን ወደ ጀልባው የሚስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሠራተኞቹ “ቻም” የሚሉት ነው፤ የተፈጨ ዓሣና የዓሣ ዘይት ከባሕር ውሃ ጋር ተበጥብጦ በጭልፋ በጥቂት በጥቂቱ ይፈስሳል። ነፋሱና ሞገዱ እየወሰዱት ከጀልባው ኋላ ረጅም የሽታ መንገድ ይሠራል፤ ሻርኩ በዚያ ላይ ወደ ምንጩ ይመጣል። ሁለተኛው የአቆስጣ ቅርጽ ያለው፣ ከእንጨት ወይም ከጎማ የተቆረጠ አሳሳች ነው፤ ከታች ሲያዩት ጥላው የእውነት አቆስጣ ይመስላል። ሦስተኛው ማባበያው ነው፤ በአብዛኛው የቱና ራስ በገመድ ታስሮ። ገመዱ የቃጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ሻርኩ ነጥቆ ቢውጠው ቃጫ ይበሰብሳል፣ ናይለን ግን አይበሰብስም።

ሐረር ላይ ጅብ ሲመገብ ያየ ሰው ነገሩ ተመሳሳይ ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። ሐረር ላይ ጅቡ ሥጋውን ከእንጨቱ ጫፍ ይወስዳል፤ ሰውና ጅብ የቆየ ውል አላቸው፣ ጅቡም ጠግቦ ይሄዳል። ጋንስባይ ላይ ሥራው በትክክል ሲሠራ ሻርኩ ምንም አያገኝም። አይቶ፣ አሽትቶ፣ ተከትሎ፣ ምግብ አለመሆኑን አውቆ ይሄዳል። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ደንብ የሚለው ይህንን ነው፤ ሻርኩ ጀልባን ከምግብ ጋር እንዳያገናኝ። ስለዚህ ገመድ ያዡ የተሰጠው ሥራ እንዲህ ነው፦ ሻርኩን ቅርብ አምጣ፣ አታብላ፣ ብረቱንም አታስመታ። ሦስቱ እርስ በርስ የሚጋጩት የመጨረሻዋ ሜትር ላይ ነው።

ጎበዝ ገመድ ያዥ ማባበያውን ከፍርግርጉ አርቆ ይጥላል። ሻርኩ ከታች ሲነሣ ካየ ገመዱን የሚስበው ከፍርግርጉ ጎን ለጎን፣ ትይዩ አድርጎ ነው፤ በምንም ምክንያት ቀጥታ ወደ ብረቱ አይስብም። ሻርኩ ፍጥነት ከጨመረ ማባበያውን ወደ ጎን ፈንጥቆ ከውሃ ያወጣዋል። ካልደረሰበት ደግሞ ይለቅለታል። መልቀቅ ከባድ ነው፤ የቱና ራሱም ይሄዳል፣ ደንቡም ይጣሳል። ግን አንድ ቶን ከሚመዝን ፍጡር ጋር ጉተታ መግጠም ሻርኩን ብረቱ አጠገብ ማወራጨት ነው። ገንዘብ የከፈለው ቱሪስት ካሜራውን ይዞ “ትንሽ ቀረብ አድርጉት” ሲል ያን ሰው የሚፈትነው ይህ ነው። በእኔ እምነት አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ቃል ነው።

ሻርኩ ለምን አይቆምም? ለመንከስ አፉን ሲከፍት ዓይኖቹን ለመከላከል ወደ ኋላ ያገላብጣቸዋል፤ ነጩ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻዋ ሜትር ላይ አያይም ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት የሚመራው በአፍንጫው ዙሪያ ያሉ፣ የሎሬንዚኒ ቀዳዳዎች የሚባሉ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው፤ የሕያው ጡንቻ የሚያመነጨውን ደካማ ኤሌክትሪክ ይሰማሉ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ያለ ብረትም ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማባበያ በሌለበት እንኳ ሻርክ ፍርግርግ ጠጋ ብሎ በአፍንጫው የሚነካው፣ አልፎ አልፎም ጥጉን ቀስ ብሎ የሚነክሰው ለዚህ ነው። ሰዎች ይህን ጥቃት ይሉታል። እጅ የሌለው ፍጡር አንድን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይደለም።

በመጨረሻም ሻርክ ወደ ኋላ መዋኘት አይችልም። የጎን ክንፎቹ እንደ ወርቃማ ዓሣ ክንፍ አይታጠፉም፤ ማርሽ ያለው ወደ ፊት ብቻ ነው። የሚተነፍሰውም ወደ ፊት ሲሄድ ነው፤ ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቦቹ ማለፍ አለበት። እንግዲህ ዓይኑን የገለበጠ፣ መቆም የማይችል፣ ወደ ኋላ የማይል ፍጡር ጭንቅላቱ የሚገባበት፣ ገላው ግን የማያልፍበት የብረት ክፍተት ፊት ማባበያ ቢጎተትለት ምን ይሆናል?

መልሱ በጥቅምት 2019 እዚያው ጓዳሉፔ ላይ ታየ። ሻርኩ ማባበያ ተከትሎ ጭንቅላቱን በፍርግርጉ ብረቶች መካከል አስገባ፤ ስንጥቦቹ ላይ ተያዘ። ከ20 ደቂቃ በላይ ታገለ። ደሙ ውሃውን አቀላው፤ በመጨረሻ ተላቅቆ ወደ ታች ሰመጠ፣ ሳይሞት አልቀረም። ይህኛውም ተቀርጿል። ከ2016ቱ ቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ የሰው ሕይወት አልተነካበትምና። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ቪዲዮ ናቸው። የሜክሲኮ መንግሥት በጥር 2023 በጓዳሉፔ ዙሪያ የነጭ ሻርክ ቱሪዝምን ሙሉ በሙሉ ዘጋ። የተዘጋው የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ በጥንቃቄ የሠሩትም አብረው ተቀጥተዋል። ቢሆንም ውሳኔውን ለመውቀስ አፌ አይከፈትም።

ስለዚህ ጀልባ ከመምረጥህ በፊት ስለ ዋጋና ስለ ምሳ ከመጠየቅህ አስቀድመህ ሁለት ነገር ጠይቅ። የፍርግርጉ መመልከቻ ክፍተት ምን ያህል ነው? ለካሜራ ተብሎ በሰፊው የተከፈተ መስኮት ያለው ከሆነ ይቅርብህ። ሻርኩ ፍርግርጉን ሊመታ ሲል ገመድ ያዡ ምን ያደርጋል? “ይህ አይደርስም” የሚል መልስ መልስ አይደለም። “ይለቅቃል” የሚል መልስ ከሰማህ እነዚያ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ጉበት

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ሻርኩ ይመጣል በሚል ነው። ከ2017 ወዲህ ግን ጋንስባይ ላይ ይህ እርግጥ መሆኑ ቀርቷል።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አንድ ነጭ ሻርክ ሞቶ ባሕሩ ዳር ወጣ። ግንቦት ላይ በተከታታይ ቀናት ሌሎች ወጡ፤ ከእነሱ አንዷ 4.9 ሜትር የምትረዝም ሴት ነበረች። በዓመቱ ውስጥ አምስት ደረሱ። ገላቸው ላይ ያለው ቁስል በጎን ክንፎቹ መካከል የተከፈተ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ከአብዛኞቹም ጉበታቸው ጠፍቷል። ሌላው ሥጋ በአብዛኛው አልተነካም።

ገዳዮቹ ይታወቃሉ። ፖርትና ስታርቦርድ የሚባሉ ሁለት ወንድ ኦርካዎች፣ “ገዳይ ዓሣ ነባሪ” የሚሏቸው ጥቁርና ነጭ የባሕር አዳኞች፣ ናቸው። የአንዱ የጀርባ ክንፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ታጥፏል፤ መርከበኞች ግራና ቀኝን በሚጠሩበት ስም የተሰየሙት ለዚህ ነው። ሻርክ እንደ ሌሎች ዓሦች የአየር ከረጢት የለውም። እንዳይሰምጥ የሚያግዘው በዘይት የተሞላው ትልቅ ጉበቱ ነው፤ ከአካሉ ክብደት ሩቡን ሊይዝ ይችላል። ኦርካዎቹ ይህን ለይተው ያወቁ ይመስላል። ሰኔ 2023 እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሞሰል ቤይ አካባቢ ስታርቦርድ ብቻውን 2.5 ሜትር የሚሆን ወጣት ነጭ ሻርክ ይዞ ሲገድልና ጉበቱን ሲያወጣ ታየ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ሰው የማያነሣው ነገር የተረፉት ያደረጉት ነው። ሸሹ። በ2022 የወጣ ጥናት ምልክት ማስተላለፊያ የተገጠመላቸው 14 ሻርኮች ኦርካዎቹ በመጡ ጊዜ አካባቢውን ጥለው መሄዳቸውን አሳየ። በመጀመሪያ የሚመለሱት ከሳምንታት በኋላ ነበር፤ ቆይቶ መራቁ ወራት ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባሉት ፋራሎን ደሴቶችም በ1997 አንድ ኦርካ አንድ ነጭ ሻርክ ሲገድል ታይቶ፣ ሌሎቹ ሻርኮች ከአካባቢው ጠፍተው ነበር። ሰው የሚፈራው ፍጡር የሚፈራው አለው። ይህን ሳስብ ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ “ከአውሬ ጋር ተፋጠጥኩ” ማለት ከነገሩ ያነሰ ሆኖ ይታየኛል።

ጥፋቱ ሁሉ የኦርካ ነው ማለት ግን ለሰው ምቹ ሰበብ መስጠት ነው። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ፣ በክዋዙሉ ናታል የባሕር ዳርቻ ዋናተኞችን ለመከላከል ከ1952 ጀምሮ የተዘረጉ መረቦች ነጭ ሻርኮችን ሲገድሉ ኖረዋል፤ በሕግ ከተጠበቁ በኋላም ጭምር። በረጅም መሥመር መንጠቆ የሚሠራው ዓሣ ማጥመድ ደግሞ ነጭ ሻርክ የሚመገባቸውን ትንንሽ ሻርኮች አመናምኗል። ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ከፊሎቹ ቁጥራቸው አልቀነሰም፣ ወደ ምሥራቅ ተዛወሩ እንጂ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያንን የሚያካክስ ጭማሪ የት አለ ብለው ይሞግታሉ። እኔ የማደላው ለሚሠጉት ነው፤ ምክንያቴ ዕድሜ ነው። በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ በተደረገ ጥናት ሴቷ ነጭ ሻርክ ለመውለድ የምትደርሰው 33 ዓመት ሲሆናት ነው። በአንድ ጊዜ የምትወልደውም ጥቂት ነው፤ አሥር ከደረሰ ብዙ ነው። በ2017 የሞተችውን 4.9 ሜትሯን የሚተካ ግልገል ዛሬ ቢወለድ፣ አሁን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ነው ያ ግልገል እናት የሚሆነው።

ባዶ ቀን

እንግዲህ ጋንስባይ ሄደህ ነጭ ሻርክ ላታይ ትችላለህ፤ ይህን አምነህ ሂድ። ብዙ ጊዜ የሚመጡት ብሮንዝ ዌለር የሚሏቸው ነሐስማ ቀለም ያላቸው ሻርኮች ናቸው። ቁመታቸው ከሦስት ሜትር አይርቅም፤ ፈጣኖች ናቸው፣ አንዳንዴ በርከት ብለው ይመጣሉ። ጠላቂዎች በእነሱ ቅር ሲሰኙ መስማት ያሳዝነኛል። ነጭ ሻርክ ቀስ ብሎ ዞሮ፣ አይቶ፣ አስቦ የሚመጣ ነው። እነዚህ ግን ገመድ ያዡን ፋታ አይሰጡትም። የእጁን ችሎታ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ከፍርግርጉ ስትወጣ ወደ ማረፊያው አትሩጥ፤ ከጀርባው ቆመህ እጁን ተመልከት።

ምንም የማይመጣበት ቀንም አለ። ቻሙ ለሦስት ሰዓት ይፈስሳል፣ የቱናው ራስ ነጭ እስኪሆን ይታጠባል፣ ፍርግርጉ ባዶውን ከጀልባው ጎን ጋር እየተጋጨ ይንቋቋል። ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ገንዘባችንስ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያን ቀን ነው የጀልባ ሠራተኞች ጠባይ የሚለየው። አንዳንዱ ከልክ በላይ ቻም ያፈስሳል። ጥሩው ግን ኒኮል ስለተባለችው ሻርክ ይነግርሃል። በኅዳር 2003 እዚሁ ባሕር ላይ ምልክት ተደርጎላት በ99 ቀን ምዕራብ አውስትራሊያ ደረሰች፤ በዘጠኝ ወር ገደማ ውስጥ፣ በነሐሴ 2004 እዚሁ ጋንስባይ ተመልሳ ታየች። ደርሶ መልስ 20,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የታወቀችው በጀርባ ክንፏ ጠርዝ ላይ ባለው የመቦጫጨቅ ምልክት ነው፤ እሱ ለሻርክ እንደ ጣት አሻራ ነው።

ከዚያ ፍርግርጉ ይነሣል፤ ጨው እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የቃጫው ገመድ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። የቀኑ መዝገብ ላይ ሰዓቱ፣ የውሃው ሙቀት፣ የታየበት ርቀት ይሰፍራል፤ በነጭ ሻርክ አንጻር ዜሮ ይጻፋል። ሻርኮቹ ኦርካዎቹን ሸሽተው መሄዳቸው የታወቀው ከማስተላለፊያዎቹ ጋር፣ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ለዓመታት ቀን በቀን በጻፉት መዝገብ ነው፤ ዜሮዎቹም ጭምር። ወደቡ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት አለህና መዝገቡን አሳዩኝ ብለህ ጠይቃቸው። ያለፈውን ወር ገጽ ገልጠህ ከላይ ወደ ታች አንብበው።